ዘመድ የለሽ ሌላ፣ ዘመዱ ያልታወቀ ሌላ

ኩኦት የሚባለው ቋንቋ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በኒው አየርላንድ ደሴት፣ በኦስትሮኔዥያ ቋንቋዎች (በደቡብ ምሥራቅ እስያና በፓስፊክ ደሴቶች በተሰራጨ ትልቅ ቤተሰብ) ተከቦ ይነገራል። ሰዋስዉ በሚገባ ተጽፏል፤ ዘመድ ተፈልጎለት አልተገኘም። በኢንዶኔዥያዋ ሱምባዋ ደሴት ይነገር የነበረው የታምቦራ ቋንቋ ደግሞ በ1815 በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጠፍቶ 50 ገደማ ቃላት ብቻ ቀርተውታል። ሁለቱን በቋንቋ ካርታ ላይ «ያልተመደቡ» ብሎ በአንድ ቀለም መቀባት ስህተት ነው። አንዱ ዘመድ ያጣ ነው፣ ሌላው መረጃ ያጣ።

«ፓፑዋን» የሚባለውም የአንድ ቤተሰብ ስም አይደለም፤ በኒው ጊኒና በአካባቢዋ ያሉ ኦስትሮኔዥያዊ ያልሆኑ ወደ 800 የሚጠጉ ቋንቋዎች የታጨቁበት ከረጢት ነው። ለብዙዎቹ በእጅ ያለው ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ቃል የያዘ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የሚሞላው በፓፑዋ ኒው ጊኒ የጋራ መግባቢያ በሆነው በቶክ ፒሲን እየተጠየቀ ነው፤ በዚያ «ሃን» እጅም ክንድም ነው፣ «ግራስ» ሣርም ፀጉርም። ከሁሉ የከፋው የአካል ክፍል ነው። በብዙዎቹ ቋንቋዎች «እጄ» ወይም «እጅህ» እንጂ «እጅ» ብቻውን አይባልም። መዝጋቢው ቅጥያውን ከቃሉ ሳይለይ ከጻፈና ጎረቤት ቋንቋም ያንኑ ቅጥያ ከያዘ፣ አንዱ ቅጥያ አሥር «ተመሳሳይ ቃል» ሆኖ ይቆጠራል! ግሥም አያስተማምንም። ካላም የተባለው የኒው ጊኒ ቋንቋ ያለው ወደ 130 የግሥ ሥር ነው፤ የቀረውን ግሥ በግሥ እየቀጠለ ይናገራል። ታዲያ ከሰንሰለቱ የትኛው ይነጻጸር?

የቋንቋ ሊቁ ጆሴፍ ግሪንበርግ (የእኛን ቋንቋዎች «አፍሮ ኤሽያዊ» ማለትን ያስለመደን እሱ ነው) በ1971 የአንዳማን ደሴቶችንና የታዝማኒያን ቋንቋዎች ከፓፑዋኖቹ ጋር በአንድ ቤተሰብ ጠቀለለ፤ ባለሙያዎች ግን አልተቀበሉትም። ሌላው የቋንቋ ሊቅ ማልኮም ሮስ በ2005 በተውላጠ ስም ላይ አተኩሮ ያቀረበው ምደባ ይሻላል። ትራንስ ኒው ጊኒ ለተባለው ትልቅ የፓፑዋን ቤተሰብ ያቀረበው ቀዳማይ (የአባት ቋንቋው) ቅርጽ «ና» እኔ፣ «ኒ» እኛ፤ «ጋ» አንተ፣ «ጊ» እናንተ ነው። «ና» ብቻዋን ምንም አታስረዳም፤ አጭር ቃል በአጋጣሚ ይገጥማል። ክብደት ያለው ነጠላው በ«ኣ»፣ ብዙው በ«ኢ» መሄዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት በሙሉ ከሌላ ቋንቋ በውሰት እምብዛም አይገባም።

ስለዚህ አዲስ ቋንቋ ጋ የሚሄድ ሰው ዝርዝሩን ከመዘርጋቱ በፊት ተውላጠ ስሞቹን ሙሉ በሙሉ፣ ሁለት የአካል ክፍል ስሞችን ከሁሉም ባለቤት ጋር፣ ሁለት ግሦችን በየመደቡ ይመዝግብ። ቅጥያው የሚለየው ያኔ ነው። ይህ ሳይደረግ ካርታው ላይ «መረጃ የለም» ይጻፍ፤ የቤተሰብ ስም አይለጠፍ።