በአንድ በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር

የጅማ ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምለው ደስ አይላችሁም። ቢሆንም ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በዚህ ክረምት አንዲት እናት ሞታለች። የሞተችው ሕክምና በሌለበት በረሃ አይደለም። ማዋለጃ አልጋ፣ ማቀዝቀዣና የመድኃኒት መደርደሪያ ያለው ክሊኒክ በረንዳ ላይ ነው። በሩ ተቆልፎ ነበር። የቆለፈው ሽፍታ አይደለም። መንግሥትም አይደለም። የቆለፍነው እኛ ነን፤ ባልንጀራን ስለ መውደድ በየሳምንቱ የምንሰብክና የምንሰበክ ሰዎች።

ክሊኒኩ ከከተማችን ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ውስጥ ነው ያለው። የሠሩት ሚስዮናውያን ናቸው። መጀመሪያ አነስተኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻ ክሊኒክ ሠሩ። ፈረንጆቹ ቆርቆሮውን፣ አልጋውን፣ ሶላሩን አመጡ። ድንጋዩን የተሸከመው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። አሸዋውን ከወንዝ ያወጡት ሴቶች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ክሊኒኩም ሃይማኖት አይጠይቅም ነበር። አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወረፋው እስከ አጥሩ ይደርስ ነበር። ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ የሁሉንም እናት በስም ታውቅ ነበር።

ከዚያ የፕሮጀክቱ ዘመን አለቀ። ርክክብ ተደረገ፤ ሰነድ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፣ ፎቶ ተነሣን። "ከእንግዲህ የእናንተ ነው" አሉን። አጨበጨብን።

"የእናንተ" የተባለው ማነው? ጠቡ የመጣው በዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች "ንብረቱ የቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ። የክሊኒኩ ኮሚቴ "የኅብረተሰቡ ነው" አለ። ልብ በሉ፣ የተጣሉት ማን ያገልግል ብለው አይደለም። መኪናውን ማን ይያዝ፣ የመድኃኒት መሸጫውን ሂሳብ ማን ያንቀሳቅስ፣ በቼኩ ላይ ማን ይፈርም በሚል ነው። አንድ ቀን አንደኛው ወገን በሩ ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠለ። በማግስቱ ሌላኛው መጥቶ ከላዩ የራሱን ጨመረ። አዋላጅ ነርሷ ደመወዝ ሲቋረጥባት ጥቂት ታገሰች። ልጆች አሏት፣ የቤት ኪራይ አለባት። በመጨረሻ ከተማ ገብታ የግል ክሊኒክ ተቀጠረች። እሷን የሚወቅስ ካለ የሰው ሥራ ሠርቶ ሳይከፈለው የኖረ ይሁን።

እኛ የከተማዎቹ ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። "ሽምግልና ላይ ናቸው" እየተባባልን ቡናችንን ጠጣን።

ሐምሌ ላይ፣ እሁድ ቀን፣ ያቺን እናት ምጥ ያዛት። የሆነውን የሰማሁት ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ከባሏ ነው። ቀኑን ሙሉ የጎረቤት ሴቶች አብረዋት ነበሩ። ሲመሽ ነገሩ አላማራቸውም። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ወንዝ ሞልቶ ዘግቶታል። አምቡላንስ ተደወለ፤ ከወንዙ ማዶ ጭቃ ያዘው። ስለዚህ በቃሬዛ ወደ ክሊኒኩ ይዘዋት መጡ። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ የሙስሊም እድር፣ ሁለቱ የክርስቲያን እድር አባላት ናቸው። "መቆለፉን አላወቃችሁም ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። "እናውቃለን። ለነፍስ ሲባል ይከፍቱልናል ብለን ነው" አለኝ።

ለነፍስ ሲባል!

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ዘበኛው የግቢውን በር ወዲያው ከፈተ። የቤቱ ቁልፍ ግን እሱ ጋ የለም። ለአንዱ ሽማግሌ ደወለ። ሰውየው አነሣ። "ጉዳዩ በሽምግልና ተይዟል፤ እኔ ብቻዬን አላስከፍትም። ጤና ጣቢያ ውሰዷት" አለ። ወንዙ እንደሞላ ተነገረው። "እስኪ ደግሜ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። አልደወለም። የኮሚቴው ሰው ስልክ ደግሞ ይጠራል፣ አይነሣም። የት እንደነበር በኋላ አወቅን። እዚሁ ከተማ፣ የአዳራሹን ወለል ሴራሚክ ለማስነጠፍ በተዘጋጀ የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ አምሽቷል። ማይክ ይዞ "ለጌታ ቤት ማን ይጨምራል?" እያለ ነበር። ብዙ ሰው ጨመረ።

በዚያው ሰዓት እሷ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ ወለደች። ሴቶቹ ጋቢና ነጠላ ዘርግተው ከለሏት። ልጅቷ አለቀሰች፣ እልል ተባለ። ባልየው ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር። እንግዴ ልጁም ወጣ። ከዚያ ግን ደሙ አልቆም አለ። የዘረጉት ጋቢ ራሰ። ነጠላ ቀየሩ፣ እሱም ራሰ። ወጣቶቹ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ቀጠቀጡት። የላይኛው ተሰበረ፣ የታችኛው እምቢ አለ። ዘበኛው "ብታሰር ልታሰር" ብሎ ማጠፊያውን በዶማ ነቀለው። ገቡ። መብራት የለም። የሶላሩ ባትሪ ለአንድ ኮንፈረንስ በውሰት ተወስዶ አልተመለሰም። ማቀዝቀዣው ሞቋል። መርፌ መውጋት የሚያውቅ ሰው የለም። በስልክ መብራት መደርደሪያውን ሲፈትሹ ከውጭ የሴቶቹ ጩኸት ተሰማ።

ከወሊድ በኋላ እንዲህ ያለ ደም የሚፈስሰው ብዙ ጊዜ ማሕፀን መጨማደድ ሲያቅተው ነው። ጤነኛዋን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኦክሲቶሲን የሚባል መርፌ አለ። ሕፃኑ እንደተወለደ ጭን ላይ ይወጋል፤ ማሕፀኑን ያኮማትራል። ርካሽ ነው። የሚፈልገው ቅዝቃዜና የሚወጋው ሰው ነው። ቅዝቃዜ የማይፈልግ ኪኒንም አለ። ያ ክሊኒክ የተሠራው ለዚህ ነበር። ማቀዝቀዣው የተገዛው፣ ሶላሩ ጣሪያ ላይ የወጣው ለዚህች መርፌ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ወገኖች ቁልፋቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቃለ ጉባኤው ላይ የመጀመሪያው አጀንዳ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የተሰበረው በር።

ባልየው ለቅሶው ላይ ማንንም አልረገመም። "የአላህ ውሳኔ ነው" አለ። እሱ እንዲህ ማለት ይችላል፤ ሐዘኑ የሱ ነው። እኛ ግን አንችልም። የሰቀልነውን ጓጉንቸር ፈጣሪ ላይ አናላክክ። አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው "ቀኗ ደርሶ ነው" ሲሉ ሰምቻለሁ። አባቴ፣ ቀኗ አልደረሰም ነበር። የደረሰችው እርስዎ በር ላይ ነው።

ይህ የአንድ ቀበሌ ነገር ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሚስዮን የሠራው መማሪያ ክፍል የቡና መጋዘን ሆኖ አይቻለሁ። እጀታው ተሰብሮ የቀረ የውሃ ፓምፕም አይቻለሁ። ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ "ፈረንጆቹ ከሄዱ ወዲህ..."

ፈረንጆቹ ከሄዱ ወዲህ ምን? ሚስዮናውያን ከኢትዮጵያ ሲወጡ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1920 ዓ.ም. ሐኪሙ ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የፕሮቴስታንት ሚስዮን ባልደረቦቹ ከአዲስ አበባ ሲነሡ መድረሻ ያደረጉት የኛኑ ጅማ ነበር። መንገዱ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ አዞራቸው፤ እዚያው ጣቢያ ከፈቱ። ጣሊያን መጣና በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ አስወጣቸው። ያኔ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች አምሳ እንኳ አይሞሉም። ደመወዝ የሚከፍል የለም። መኪና የለም። እስርና ግርፋት ነበር። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች ወደ አሥር ሺህ ይጠጋሉ። እነዚያ ገበሬዎች ባዶ እጃቸውን ተረክበው ይህን ካደረጉ፣ እኛ ባለ ሶላር ክሊኒክ ተረክበን ምን አደረግን?

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ይበልጥ ያመኛል። በ1964 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የየአገሩ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ለሆነው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ያኔ የውጭ ለጋሾች ለልማት ሥራ ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም፤ አገልግሎቱም ሙሉውን ሰው የሚያገለግል ይሁን ይላል። ቄስ ጉዲናን ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። ያኔ ፈረንጆቹን "ሰውን አትክፈሉ" አልናቸው። ዛሬ የምንከፍለው ራሳችን ነን። ለአዳራሽ ወለል በአንድ ምሽት ቃል የምንገባው ገንዘብ አለን። ለነርስ ደመወዝ ሲባል "እሱ የፕሮጀክት ሥራ ነው" እንላለን። ጸሎት የኛ፣ መርፌ የፈረንጅ። ይህን ያስተማረን ማነው?

ለሌሎቻችሁም አንድ ቃል አለኝ። "የጴንጤዎች ጣጣ ነው" ያላችሁ የኦርቶዶክስና የእስልምና ወንድሞቼ፣ ልጆቻችሁ እዚያ ተከትበዋል። ሚስቶቻችሁ እዚያ ወልደዋል። አባ ማስያስ የተባለው የካቶሊክ ሚስዮናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦሮሞ አገር እየዞረ ፈንጣጣ ሲከትብ ክንዱን ዘርግቶ ከቀረበው ሰው ብዙው ሃይማኖቱን አልቀየረም፤ ክትባቱን ግን አልናቀም። ክሊኒክ የጋራ ነው። ሲዘጋም የጋራ ነው። ያን ጊዜ ሄዳችሁ "ክፈቱ" ብትሉ ማን ይከለክላችሁ ነበር?

ሽማግሌዎች፣ ኮሚቴዎች፣ ጠባችሁን በፍርድ ቤትም በሽምግልናም ጨርሱ፤ ግን በሩ ክፍት ሆኖ። መኪናውን ስትከራከሩበት ክረሙ፣ ነርሷ ግን ትከፈል። ባትሪውን የወሰዳችሁ መልሱ። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን የማልጽፈው እስኪመልስ ነው። ፓስተሮች፣ በሚቀጥለው እሁድ ስለ ሴራሚኩ ከመናገራችሁ በፊት ስለዚያ በረንዳ ተናገሩ። ሰው ይቀየማል ብላችሁ አትፍሩ፤ ይቀየም።

ስጽፍ ቁጣዬ መለስ ብሏል፤ የቀረኝ ድካም ነው። ስንት ጊዜ ተናግረናል? ተነግሮን አልቅሰን፣ ተቃቅፈን፣ በሳምንቱ ረስተናል። ደግሞ አንረሳም ብዬ መማል አልችልም።

ሆኖም አንድ ነገር ተጀምሯል። ቃሬዛውን የተሸከሙት ልጆች የሁለቱንም እድር ሰብስበው የነርስ ደመወዝ ማዋጣት ይዘዋል። መዝገቡን አሳይተውኛል። በእርሳስ የተሰመረ ደብተር ነው፤ ከስም ፊት ለፊት ሃያ ብር፣ ሠላሳ ብር፣ አንዳንዱ ጋ አንድ ጣሳ ቡና ተብሎ ተጽፏል። ነርሷንም አነጋግረዋታል። በየወሩ ሳይቆራረጥ ከተከፈላት እመለሳለሁ ብላለች። የሰበሰቡት ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ደብተሩ ላይ "ከከተማ" የሚል ገጽ ከፍተዋል። እኔ ባየሁበት ቀን ገጹ ባዶ ነበር። ስሜን ጽፌ ነው የተመለስኩት፤ ከስሬ ብዙ መስመር አለ።