እርማት፦ ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ የደካማ ትምህርት ቤት ምልክት አይደለም

ወንድሜ፣ በአሜሪካ ቤት ለሚፈልጉ ወላጆች ሲመክሩ፣ እንግሊዝኛን በመማር ላይ ካሉ ልጆች አብዛኞቹ የግዛቱን የትምህርት ፈተና የማያልፉበት ሚድል ስኩል (ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት) «አያስተምርም» ብለው ጽፈዋል። ብዙ ሰው የሚያምነው ቢሆንም ስሕተት ነው።

እነዚህ እንግሊዝኛ ተማሪ ልጆች እንደ አንድ ቡድን የሚቆጠሩበትን መንገድ ይመልከቱ። ከአዲስ አበባ መጥታ 6ኛ ክፍል የገባች ልጅ በዚህ ቡድን ትመዘገባለች፤ በየዓመቱ የሚሰጠውን የቋንቋ ብቃት ፈተና አልፋ፣ 8ኛ ክፍል ስትደርስ የሒሳቡን ጥያቄ ያለማንም እርዳታ አንብባ የምትሠራ ከሆነች ግን ከቡድኑ ትወጣለች፣ በቦታዋም ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ልጅ ይተካል። የበረቱት እየወጡ ጀማሪዎች በሚገቡበት ቡድን ውስጥ የአላፊዎች ቁጥር ዝቅ ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፌዴራል ትምህርት ሕግ ግዛቶች የወጡትን ልጆች እስከ 4 ዓመት አብረው እንዲቆጥሩ ቢፈቅድም፣ ይህ ክፍተቱን ያጠብበዋል እንጂ አይዘጋውም።

«መቶ በመቶ ነፃ ምሳ» የሚለውን አይቶ ተማሪው ሁሉ ችግረኛ ነው ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ችግረኛ ተማሪ የበዛበት ትምህርት ቤት ሁሉንም በነፃ እንዲመግብ ስለሚፈቅድ፣ የሐኪሙም ልጅ እዚያው ውስጥ ሊቆጠር ይችላል።

ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ደካማ ሊሆን ይችላል። ያንን ለማወቅ ግን ያው ልጅ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ምን ያህል እንዳደገ የሚያሳየውን ውጤት ይጠይቁ። አዲስ መጤ ልጆቻችንን ተቀብለው ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህራን በዚህ ቁጥር ስማቸው ሲጎድፍ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።