ሥዕሉን ትተው ወረቀት የጠየቁ ዳኞች

ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ሥራ የሚመርጡ ሰዎች ሰሞኑን የአንድ ወጣት ሥዕል መልሰዋል። ልጁ የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጥቅስ እየጻፈ ነው የሚኖረው። የሰጡት ምክንያት ሁለት ነው፦ የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም፤ ሥዕሉም «የርቀት ሕግን አልጠበቀም»፤ ማለትም የቀረበውን አተልቆ፣ የራቀውን አሳንሶ አልሣለም።

ሥዕሉን አይቼዋለሁ። ችፑድ ላይ በቤት ቀለም የተሠራ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣል። ሦስቱም የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰዋል። እሳቱ የሚንቀለቀለው በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል፣ ዓሣ ከሚጠበስበት ብረት ድስት ሥር ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳር ቆመው ያያሉ፤ ባጃጆችም አሉ።

ትምህርት ቤት አልገባም ነው የሚሉት? የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት የአብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳ በሥዕል የሞላው ማን ነው? የትኛው ዳኛ ነው ዲፕሎማቸውን የጠየቃቸው?

የርቀቱ ነገር ደግሞ ይባስ ያናድዳል። የአድዋን ጦርነት የሣሉትን የድሮ ሠዓሊዎች ተመልከቱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከሰማይ ይዋጋል። የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው ሁለት ነው። ጣሊያኖቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ወዳጅና ጠላት በዓይን ይለያል፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይስተውም። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ ዛሬ በለንደኑ ብሪትሽ ሙዚየም አለ። እዚያ ማንም «ርቀት አልጠበቀም» ብሎ አልመለሰውም። ይህን የዓይን ሕግ ለታፔላ ጸሐፊው ልጅ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ግን ሦስቱን ልጆች እሳት ውስጥ ያስጣለውን ንጉሥ ናቡከደነፆርን በአንድ ዓይን ሥሎታል! በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ሲያነግሥ፣ ግድግዳውን ሲያይ ነው ያደገው። ገብርኤልን ከባጃጆቹ አሥር እጥፍ ያገዘፈውም አውቆ ነው። የሚበልጠው ይተልቃል፤ በቃ። ዳኞቹ ይህን ማንበብ ካልቻሉ መማር ያለበት ልጁ ነው እንዴ?

እሺ፣ የመልአኩ ጣቶች ወፍረዋል። እሱን እኔም አይቻለሁ።

ዐውደ ርዕዩ ገና አልተከፈተም። ልጁን ይጥሩት፣ ሥዕሉን ይቀበሉት፣ ዓሣ ጠባሾቹ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት በር አጠገብ ይስቀሉት። አሁንም እንቢ ካሉ ምክንያታቸውን ጽፈውና ፈርመው ይስጡት።