የጸደቀ በጀት፣ የጸደቀ እንጨት

ከግቢያችን በር 12 እርምጃ ርቆ፣ መንገዱ ዳር፣ አንድ የማንሆል ክዳን ነበር። ክብ ብረት ነው። አንድ ጠርዙ ተሸርፏል። መኪና በተሸረፈው በኩል ሲረግጠው "ቋ!" ይላል። ሲለቀው እንደገና "ቋ!" ልጆቼ ያደጉት በሱ ድምፅ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአሸዋ መኪና ሲያልፍ ባለቤቴ ብንን ትልና "ይሄን ነገር ነቅሎ የሚገላግለን ሰው ይጥፋ?" ትላለች።

እንዲህ ያለ ጸሎት ቶሎ ይሰማል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አንድ ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ብሎ አደረ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛን መሰላችሁ! ጠዋት ስንነሳ ክዳኑ የለም።

ማን እንደወሰደው አልተጣራም። ለምን እንደወሰደው ግን ሕፃን ያውቀዋል፤ ብረት በኪሎ ይሸጣል። የኮንክሪት ክዳንም ቢሆን ዕድሜ የለውም፤ ውስጡ ፌሮ አለ። ሰብረው ፌሮውን ይወስዳሉ፤ ፍርስራሹንና ጉድጓዱን ለነዋሪው ይተዉለታል።

የጸሎተ ሐሙስ ማታ ነው። መብራት የለም። ለፋሲካ የገዛሁትን ዶሮ በግራ ብብቴ ሸጉጬ፣ በቀኝ እጄ ሽንኩርት አንጠልጥዬ እየገባሁ ነው። ለበሩ 12 እርምጃ ሲቀረኝ መሬት አጣሁ። ቀኝ እግሬ እስከ ታፋዬ ገባ። ዶሮው ከብብቴ አመለጠ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሽንኩርቱ ተገኝቷል። በከተማ አስተዳደር ጉዳይ እንዲህ በጥልቀት የገባሁት የዚያን ዕለት ነው።

ከበዓሉ በኋላ እያነከስኩ ወረዳ ሄድኩ። የወረዳችንን ቁጥር አልጠራም። ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች በአንዱ ውስጥ ነው። አንባቢ የራሱ ወረዳ ከመሰለው ይምሰለው።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ በትህትና ሰማችኝና "ጋሼ፣ ይሄ እኛን አይመለከትም" ብላ ወደ ሌላ ቢሮ ላከችኝ። ያኛው ቢሮ አስፋልቱ የኛ ነው፣ ጉድጓዱ ግን አይደለም አለ። ቀጣዩ በሥሩ የሚሄደው ቱቦ የኛ ነው፣ አፉ ግን አይደለም አለ። ሦስተኛው ክዳኑስ የኛ ነበር፣ አሁን ግን እንደምታየው የለም አለኝ። "ታዲያ ባዶው የማነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ካሰበ በኋላ "ባዶው የኅብረተሰቡ ነው" አለኝ።

ኅብረተሰቡ ማለት የሰፈራችን ጥበቃ ነው። ሌላው ተነጋግሮ ይበተናል፤ የሚሠራው እሱ ነው። ሰኔ ሲገባ ከአንድ አጥር ላይ ክንድ የሚያህል የኮርች ግንድ ቆረጠና ጉድጓዱ ውስጥ ተከለው። ሾፌር እንዲያየው ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ጉድጓዱ በደለልና በፌስታል ሞልቶ ስለነበር ግንዱ ቀጥ ብሎ ቆመለት። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ኮርች ደግሞ አመሉ ይታወቃል። ለአጥር ብለህ የተከልከው ሁሉ ሳታስበው ዛፍ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ቅጠል አወጣ።

ነሐሴ ላይ መዝገብ የያዙ ሁለት ወጣቶች መጡ። ቀይ ጨርቁን ፈቱ። ግንዱን ኖራ ቀቡት። ፎቶ አነሱት፤ ቁጥር ሰጡት፤ ሄዱ። እኛም ጉድጓዱን የሚሠሩት ሰዎች መስለውን ሻይ አፍልተንላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ በጀት ትንሽ ልበል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። የ2018ቱ ደግሞ ከ350 ቢሊዮን አልፏል። የሚያጸድቀው 138 መቀመጫ ያለው የከተማው ምክር ቤት ነው። ዜናውን እንደሰማሁ የቢሊዮንን ዜሮዎች በጣቴ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሆኑ። አንድ ጣት ተረፈኝ። በተረፈችው ጣት ጉድጓዱን ጠቆምኩ።

ችግሩ ግን ሁልጊዜ ብር ማጣት አይደለም። የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ሐምሌ 1 ላይ ብሩ ሲመጣ ዝናቡም አብሮ ይመጣል። በጭቃ ማን ይቆፍራል? "ክረምቱ ይውጣ" ይባላል። ክረምቱ ሲወጣ እንቁጣጣሽ ነው፤ ከዚያ መስቀል ነው። ጥቅምት ላይ የግዢ ዕቅድ ይከለሳል። ኅዳር ላይ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ሦስት ያስፈልጋል፤ ሁለት ይገኛል። ጥር ላይ የግማሽ ዓመት ግምገማ ይደረግና አፈጻጸሙ ዝቅተኛ መሆኑ ይገመገማል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በቁጭት ያልፋሉ። ግንቦት ላይ ሁሉም ይደነግጣል። ያልዋለ ብር ተመላሽ ነው፤ ብር የመለሰ ቢሮ ደግሞ ለከርሞ "ድሮስ ምን ሊያደርግለት ጠየቀ?" ይባላል። ስለዚህ በሰኔ ወንበር ይገዛል፤ ቶነር ይገዛል፤ ሥልጠና አዳማ ላይ ይሰጣል። በሰኔ ከተማችንን ያየ እንግዳ በጣም የምንሮጥ ሕዝብ ይመስለዋል።

በዕድራችን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ገንዘብ ያዣችን እትዬ (ስማቸውን ብጽፍ ይቆጡኛል) ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የአንድ ድስት ክዳን ቢጎድል ለቅሶው ሳያልቅ ይደርሱበታል። አንድ ጊዜ የጠፋ ክዳን ፍለጋ ሟች ቤት በሠልስቱ ገብተው ሐዘንተኛው የተቀመጠበትን ፍራሽ አስነስተዋል። ክዳኑ እዚያ ነበር።

በ2017 ጥር ላይ ጥሪ ደረሰን። "የወረዳው የግማሽ ዓመት ዕቅድና በጀት አፈጻጸም የሕዝብ ውይይት፤ ጠዋት 2፡30 በሰዓቱ ይገኙ" ይላል። 2፡30 ላይ የተገኘነው እኔ፣ እትዬና የጽዳት ሠራተኛዋ ነን። ስብሰባው 4፡15 ላይ ተጀመረ። ሰብሳቢው "ጊዜያችን ስለተጣበበ አስተያየታችሁን አጠር አድርጉ" ብሎ ከፈተውና የ50 ደቂቃ ሪፖርት አነበበ።

ሪፖርቱ በፓወር ፖይንት ነው። "እንደ ወረዳ" ብሎ ይጀምራል። እንደ ወረዳ ታቅዷል፤ እንደ ወረዳ ተሠርቷል፤ እንደ ወረዳ ተገምግሟል። አጠገቤ ያሉት ጡረተኛ ሻለቃ "ወረዳው ራሱ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ በጆሮዬ።

ገጽ 14 ላይ "በክረምቱ የተተከሉ ችግኞች የጽድቀት መጠን" የሚል መጣ። ከሥሩ ፎቶ አለ። ለምለም፣ ግንዱ ኖራ የተቀባ፣ ቁጥር ያለው። ከጀርባው የማውቀው አረንጓዴ በር ይታያል። የኔ በር ነው። "በዚህ መንደር መቶ በመቶ ጸድቋል" አለ ሰብሳቢው። እውነቱን ነው። አንድ ተተከለ፤ አንድ ጸደቀ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የሰፈር ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ እንደሚደረገው።

ወዲያው ገጽ 15 ተከተለ፤ "የጸደቀ በጀት"። አማርኛ እዚህ ላይ አታላይ ነው። ችግኝ ይጸድቃል፤ በጀት ይጸድቃል፤ ነፍስም ይጸድቃል። ችግኙን ሄደህ ታየዋለህ። ነፍስን ማንም ሄዶ አላየም። በጀቱ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ ልጠይቅ ፈልጌ መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ ሻይ ታደለ። ሃይላንድና ሁለት ሁለት ኩኪስ። ስም የሚፈረምበት ወረቀት ዞረ። ሻለቃው ሁለት ጊዜ ፈረሙ፤ አንዱን ላልመጣው ጎረቤታቸው ነው።

ጥያቄና አስተያየት ተከፈተ። መጀመሪያ የተነሳው ሰው "በቅድሚያ ይህን መድረክ ላመቻቹልን" ብሎ ስምንት ደቂቃ አመሰገነ። ጥያቄ ሲደርስ ጊዜው አለቀበት። ሁለተኛዋ ውሃ በሳምንት አንድ ሌሊት እንደሚመጣ፣ እሱም እሷ ስትተኛ መሆኑን ተናገረች። ሦስተኛው ስለ ጎረቤቱ ውሻ አነሳ፤ ጎረቤቱም አዳራሹ ውስጥ ስለነበር ጉዳዩ ወደ ውጭ ተላለፈ።

ሻለቃው ተነሱ። "እኔ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌ ከተቋቋመ ጀምሮ ስብሰባ አምልጦኝ አያውቅም" አሉ። "ሁሉም ላይ ጥያቄ ጠይቄያለሁ። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲከለስ ሄጄ ከፍያለሁ። ጣሪያዬን ቆጠራችሁ፤ ግድግዳዬን ቆጠራችሁ። ከግድግዳዬ ሥር ያለውን ጉድጓድ ማን ይቁጠርልኝ?"

ሰብሳቢው ማስታወሻ ያዘ። ስለ ማንሆሉ እኔም ጨመርኩ፤ እግሬን ጠቀስኩ፤ ዶሮውን ዘለልኩት። መልሱ መጣ። "የተነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው። እንደ ወረዳ ክፍተቱን ለይተናል። ነገር ግን የበጀት ጣሪያው አልፈቀደም።"

እትዬ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሱ።

"ልጄ፣ ጣሪያ አለን ነው የምትለኝ?"

"አዎ እናቴ፣ የበጀት ጣሪያ ይባላል። ከሱ በላይ መጠየቅ አይቻልም።"

"ጣሪያ ካላችሁ ክዳን እንዴት አጣችሁ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ጨዋ ሰው ነው። እትዬ ግን አልሳቁም። ሰማያዊውን ደብተር ከነጠላቸው ሥር አወጡ።

"ዕድራችን 32 ድስት አለው፤ 32 ክዳን አለው" አሉ። "ክዳን ሲጠፋ 'ክፍተቱን ለይተናል' ብል አባሉ በደብተሩ አናቴን ይለኛል። ቀዳዳ መሆኑንማ ይሄም ሰውዬ በእግሩ ለይቶታል።" ወደኔ ጠቆሙ። ሰው ሁሉ እግሬን አየ። "ዋጋው ስንት ነው? ስንት እንደሆነ ንገረኝና ከዕድሩ አበድርሃለሁ። በሰኔ ትመልሳለህ።"

ሰብሳቢው ከጎኑ ካሉት ጋር ተንሾካሾከ። ወረዳ ከዕድር የሚበደርበት አሠራር የለም ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን "ኅብረተሰቡ ለልማቱ ያሳየው ተነሳሽነት የሚበረታታ ነው" ተብሎ ተጻፈ። እትዬ ይሄ ሲነበብ "እኔ ነኝ ተነሳሽነት?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ኩኪሳቸውን በመሐረብ ቋጥረው ወጡ።

ሰኔ 27 ቀን 2017፣ አርብ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ፒክ አፕ በራችን ላይ ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ከኋላ ሙሉ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ክዳን አወረዱ። ሰፈሩ ወጣ። ልጆች ጮኹ። ሠራተኛው ክዳኑን አቅፎ ወደ ጉድጓዱ ሄደና ቆመ። ኮርቹ ቁመቱ ከሱ በልጧል።

"ይሄን ንቀሉልኝ" አለ።

"አይነቀልም!" አለ ጥበቃው። "ቁጥር አለው። ተመዝግቧል።"

ሾፌሩ ስልክ ደወለ። ከዚያኛው ጫፍ ችግኙ የሌላ ክፍል ነው፣ እኛ መንቀል አንችልም ተባለ። ያኛው ክፍል ተደወለለት። የጸደቀ ችግኝ ለመንቀል ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ደግሞ ሥልጠና ላይ ነው። አዳማ።

ሠራተኛው ክዳኑን እንዳቀፈ ላቡ ይንጠባጠባል። "ሰኞ በጀት ይዘጋል። ርክክብ ካልተፈረመ ክፍያ የለም፤ እኔም ይዤው አልመለስም" አለ። ሁሉም ወደኔ አየ። እስካሁን ለምን ወደኔ እንዳዩ አልገባኝም፤ እግሬ ነው መሰለኝ። ወረቀቱን አቀረቡልኝ። "አንድ የማንሆል ክዳን፣ ተገጥሞ፣ በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ይላል። "ተገጥሞ" የምትለዋን ይሰርዙልኝ አልኩ። ፎርሙ እንደሱ ነው፣ አይሰረዝም አሉኝ። ፈረምኩ።

ክዳኑን ተሸክመው ግቢዬ አስገቡልኝ። ሲሚንቶው ላይ ሲያስቀምጡት አንድ ጎኑ አልረግጥ ብሎ ተንጋደደ።

"ቋ!"

ባለቤቴ ከማድቤት አንገቷን አወጣች። እጇ ሊጥ ነው።

"ተመለሰ?" አለች።

ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። ከቀለሙ ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ ሽራፊዋ አለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው እየጮኸ መጥቶ በሩን አንኳኳ። "ጋሼ፣ የሚሸጥ ብረት የለም?" አለኝ፤ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ግቢውን እያየ።

ኪሎው ስንት ገባ ብዬ ጠየቅሁት። እንዲያው ለማወቅ ያህል።