የሚቀረው ጊዜ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይገመት፣ ለታካሚውም ይነገር

የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ አከርካሪን፣ ዳሌንና የጭን አጥንትን ይይዛል። በካንሰር የተቦረቦረ የጭን አጥንት እንዲሰበር መውደቅ አያስፈልግም፤ ታማሚዋ ከአልጋ ስትነሣ ወይም በእንቅልፍ ልቧ ስትገላበጥ ሊሰበር ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ አጥንቱ በምን ይጠገን ከማለቱ በፊት ይህች ሴት ምን ያህል ጊዜ ትቆያለች ብሎ መጠየቅ አለበት። በእኛ ዘንድ ይህን አፍ አውጥቶ መጠየቅ እንደ ማሟረት ይቆጠራል። እኔ ግን ሳይጠየቅ ወደ ቀዶ ጥገና መገባቱን ነው አጥብቄ የምቃወመው።

በአጥንቱ ውስጥ ረጅም ብረት አስገብቶ በብሎን ማሰር በአንጻራዊነት ቀላል ነው፤ ታካሚው ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ በእግሩ መርገጥ ይጀምራል። ሆኖም ካንሰሩ የበላው አጥንት እንደ ጤነኛው በቀላሉ አይገጥምም። ሸክሙን ሁሉ ብረቱ ብቻውን ይሸከምና ወራት ሲቆጠሩ እሱም ሊሰበር ይችላል። የታመመውን ክፍል ቆርጦ በሰው ሠራሽ አካል መተካት ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ደም ያስፈስሳል፣ ማገገሚያው ይረዝማል፣ ወጪውም ከባድ ነው። ሁለት ወር ለቀረው ሰው ትልቁን ቀዶ ጥገና መሥራት የቀረችውን ጊዜ በሆስፒታል አልጋ ላይ እንዲጨርሳት መፍረድ ነው። ዓመታት ሊኖር የሚችለው ደግሞ ብረት ብቻ ከገባለት፣ ብረቱ ተሰብሮ ዳግመኛ ቢላ ሥር ሊገባ ይችላል።

ልምድ ያለው ሐኪም በዓይኑ ዐይቶ ያውቃል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የቺካጎ ጥናት ይህን መርምሮ ነበር። በቀዶ ጥገና ላይ ሳይሆን በሕይወት መጨረሻ እንክብካቤ ላይ ያሉ 468 ሕሙማንን 343 ሐኪሞች ምን ያህል እንደሚኖሩ ገመቱ፤ ለእውነታው የቀረበው ግምት ከመቶ 20 ብቻ ነበር። ከመቶ 63 የሚሆነው ከእውነታው በላይ አርዝሟል። እኔን የነካኝ ሌላው ውጤት ነው፤ ሐኪሙ ታካሚውን ባወቀው ቁጥር ግምቱ ይበልጥ ይስታል። ሰው የወደደውን ሰው ሞት ማቅረብ አይሆንለትም።

በመሆኑም የተጻፈ መለኪያ ያስፈልጋል። ለአከርካሪ በሰፊው የታወቀው የጃፓናዊው ሐኪም የቶኩሃሺ ነጥብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጥቶ በ2005 ተሻሽሏል። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር የሚገመተው ዕድሜ ይረዝማል። በተሻሻለው መለኪያ ካንሰሩ ከጡት ወይም ከፕሮስቴት ከተነሣ 5 ነጥብ ያገኛል፣ ከሳንባ ከተነሣ ግን ዜሮ። ይህ በዘመኑ ትክክል ነበር። ዛሬ የካንሰሩን ዘረመል ለይተው የሚያጠቁ እንክብሎች የአንዳንድ የሳንባ ካንሰር ታካሚዎችን ዕድሜ ስላራዘሙ የቆየው ነጥብ በእነርሱ ላይ ይጨክናል። ፓዝ ኤፍ ኤክስ የተባለው የኮምፒውተር ስሌት ከዚህ ይሻላል። የካንሰሩን ዓይነት፣ ወደ ሌላ የውስጥ አካል መዛመቱን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን የሄሞግሎቢን መጠን፣ ታካሚው ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ መቻል አለመቻሉን ጭምር ተቀብሎ ከ1 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉት ጊዜያት በሕይወት የመቆየት ዕድልን በመቶኛ ይሰጣል።

ይህም ቢሆን ኒው ዮርክ ውስጥ ከታከሙ ሰዎች መረጃ ተሠርቶ በስካንዲኔቪያ፣ በጣሊያንና በጃፓን የተፈተነ ነው። የእኛ ታካሚ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ ለጨረር ሕክምና ወረፋ ይጠብቃል። ሄሞግሎቢኑ የወረደው በካንሰሩ ይሁን በምግብ እጥረት ስሌቱ አይለይም። ስለዚህ እንዳለ መገልበጥ አይበቃም፣ በእኛ ሰዎች ላይ መፈተን አለበት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ግምቱን መዝግቦ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ለአስታማሚው ስልክ መደወል ነው። ከሆስፒታል የወጣ ታካሚ ደብዛው ከጠፋ ግን ስሌቱ ይሳት ይያዝ ማን ያውቃል?

አንድ ስጋት ይገባኛል። ዝቅተኛ ቁጥር ሰውን ለመተው ሰበብ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ካንሰር ኅብለ ሰረሰራቸውን የተጫናቸውን 101 ሕሙማን ተከታትሎ፣ ቀዶ ጥገናና ጨረር ካገኙት ከመቶ 84፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ ከመቶ 57 የሚሆኑት መራመድ መቻላቸውን አሳይቷል። ጥቂት ወራት ቢሆኑም በራስ እግር መጸዳጃ ቤት መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ግምቱ የትኛው ሕክምና እንደሚበጅ ይምረጥ እንጂ ሕመም ማስታገሻን አይከልክል።

የእኛ ቤተሰብ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዞ «ለእርሷ እንዳይነግሯት፣ ተስፋ ትቆርጣለች» ይላል። ፍቅር መሆኑን አልክድም። ዕድሜ በፈጣሪ እጅ ነው የሚለውንም እቀበላለሁ፤ ለዚህም ነው ሐኪሙ ቀን ሳይቆርጥ «እንደ እርስዎ ካሉ አሥር ሰዎች ስድስቱ ያህል ዓመት ይደፍናሉ» ብሎ መናገር ያለበት። ማወቅ አልፈልግም የምትልም መብቷ ይከበር። ነገር ግን አገሯ ገብታ ልጇን መዳር የምትፈልግ እናት አጭሩን ቀዶ ጥገና ትመርጥ ይሆናል፤ ቁጥሩን ካልሰማች ምርጫውን ሌላ ሰው ያደርግላታል። የስምምነት ቅጹ ለወንድሟ ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ይጠይቃት፣ ፊርማውም የራሷ ይሁን።