ለክቡር ቢዩቲ ሞድ (የስልክ ካሜራ ፊት «ማሳመሪያ»)፣ ባሉበት ስልክ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ፊቴን እንዲመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን፣ ጥቁረቴም ደህና ነው፣ ይኸው እስከዛሬ አልለቀቀም፣ ተመስገን።

ሰው አዲስ ስልክ ሲገዛ ካሜራውን ከፍቶ ሴልፊ መነሳቱ ያለ ነው፣ የገረመኝ ማንም ሳይጠራዎት እርስዎ ቀድመው በርተው መጠበቅዎ ነው። እኔ የጠየቅኩት ፎቶ ነበር፣ እርስዎ ግን ዝም ብለው ህክምና ጀመሩልኝ። ስክሪኑ ላይ የወጣችው ልጅ ወፍጮ ቤት ውላ የመጣች ነው የምትመስለው፣ አፍንጫዋ ቀጥኗል፣ አገጯ ሾሏል፣ ግንባሬ ላይ ያለችው ጠባሳ (ልጅ ሆኜ ከአጥር ወድቄ በስንት ልቅሶ ያገኘኋት!) የለችም። እናቴ አይታ «ይቺ ደሞ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ፣ የምሯን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ስፈልግዎት ደሞ አንድ የምትጎተት መስመር አገኘሁ፣ ወደ ቀኝ ስስባት ነጣሁ፣ ጨምሬ ስስባት ጨምሬ ነጣሁ፣ ወደ ግራ ግን ዜሮ ላይ ቀጥ አለች። ትንሽ ጠቆር ማለት የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም ማለት ነው? እኔ በጋው ሊያልቅ ሲል ያለኝን መልክ ነው የምወደው፣ የት ልጎትት?

ለነገሩ አይፈረድብዎትም፣ የዘር ነው። አያትዎን አውቃቸዋለሁ። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ከፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ አጣቢዎች የአንዲት ነጭ ሴትዮ ፎቶ ይልክላቸው ነበር፣ ሸርሊ ካርድ ይባላል፣ የሸርሊ ፊት ካማረ ቀለሙ ተስተካክሏል በቃ፣ አጠገቧ የቆመችው ጥቁር ልጅ አይንና ጥርስ ብቻ ሆና ብትወጣ የራሷ ጉዳይ። በኋላ ፊልሙ ቡናማውን አጥርቶ እንዲያወጣ ከገፋፉት መሀል እነማን ያሉ ይመስልዎታል? የቸኮሌት ፋብሪካዎችና የቤት እቃ ሰሪዎች! ጥቁሩ ቸኮሌት ከወተቱ አልለይ አለ፣ የእንጨቱ ቀለም ጠፋብን ብለው። ቁም ሳጥን ሲደበዝዝማ ስብሰባ ይጠራል እንጂ።

በፈረንጆቹ 2018 ደሞ የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ የአጎትዎን ልጆች ፈተና አስቀመጧቸው፣ ፎቶ አይተው ወንድ ነው ሴት ናት የሚሉትን ሶፍትዌሮች ማለቴ ነው። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ስህተታቸው 1 በመቶ እንኳን አልሞላም፣ ጠቆር ያልን ሴቶች ላይ ግን የባሰበት 34.7 በመቶ ተሳሳተ። ከሶስታችን አንዳችንን ወንድ አድርጎ ቁጭ! እነሱ አላወቁንም፣ እርስዎ ደሞ እንዳንታወቅ ያደርጉናል፣ ቤተሰቡ ስራ ተከፋፍሏል።

አንዱ ወንድምዎ ፎቶ ቤት ተቀጥሯል መሰለኝ፣ ጉርድ ፎቶ ተነስቼ ወደ አንድ ቢሮ ይዤ ሄድኩ፣ የቢሮዋ ሴትዮ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እህቴ ይሄ ያንቺ አይደለም» አለች፣ ልክ ናት እኮ። ድጋሚ ከፍዬ ልነሳ ተመልሼ «እባክህ አታንጣኝ» ስለው ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ፣ እንዲህ ብላ የለመነችው የለችማ።

አሁን ስለ ቆዳዬ ልንገርዎት፣ ያሳዘንኩዎት ስለሚመስለኝ። ሜላኒን (ቆዳን የሚያጠቁረውን ቀለም) የሚሰሩት ሴሎች ቁጥር ነጭም ላይ ጥቁርም ላይ ተቀራራቢ ነው፣ የኛዎቹ ግን ስራ ይወዳሉ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ፀሀይዋ ቀልድ አታውቅም፣ እኔ በቀትር ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገትሬ ቶሎ የማልላጠው እነሱ ሲለፉ ስለሚውሉ ነው (ሰንስክሪን ግን እቀባለሁ፣ ላግዛቸው ብዬ)። ከዛ ደሞ ቢጫ! ቢጫ ቀሚስ እኔ ላይ አይተው ያውቃሉ? አያውቁም፣ እርስዎ ሲነኩት ቢጫውም ይገረጣል። ነጩ የሀበሻ ቀሚስ፣ የአንገት ወርቁ፣ ምኑ፣ ጥቁር ሰውነት ላይ ነው አለሁ የሚለው፣ ይሄን ስል የሚከፋው ካለ ይክፋው። ይሄን መልክ ከእናቴ ነው ያገኘሁት፣ እሷ ከእናቷ፣ ሶስታችን አንድ ሶፋ ላይ ስንቀመጥ ከሩቅ እንታወቃለን፣ እና እርስዎ በአንድ ክሊክ እኔን ብቻ ከቤተሰቡ አወጡኝ። እዚህ ጋ ነው የተናደድኩት። ሳልከፍል የተሰጠኝን፣ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ተመስገን የምልበትን ነገር «ላስተካክልልሽ?» ይሉኛል፣ ማን ተበላሸ አለዎት?

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሳይጠሩ እንዳይበሩ፣ መስመርዎም ወደ ግራ እንዲጎተት፣ ጠባሳዬም በአስቸኳይ ወደ ግንባሬ እንድትመለስ እየጠየቅኩ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የፊቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለሰርግ ቪዲዮ ኤዲተሮች በሙሉ
ለአክስቴ፣ የላኩልኝን ፊት የሚያቀላ ክሬም ከነካርቶኑ የመለስኩ መሆኑን እንዲያውቁት