መርጫውን የሠራው ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ መምህር የተናገሩት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። «ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው» አሉ። ቀጠሉና፣ «ሳይንቲስት ያገኘውን ያስረክባል፤ ምን ይሠራበት የሚለው የፖለቲከኛ ጉዳይ ነው። ሥነ ምግባር ስሜት ነው፤ ሎጂክ የለውም» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከመጨረሻዋ ልጀምር። ፊንላንዳዊው ፈላስፋ ጌኦርግ ሄንሪክ ፎን ቭሪክት በ1951 እ.ኤ.አ. «ግዴታ»፣ «የተፈቀደ» እና «የተከለከለ» የሚሉት ቃላት በጥብቅ ሕግ እንደሚተሳሰሩ በሎጂክ ምልክት ጽፎ አሳየ። አንድ ነገር ግዴታህ ከሆነ መተው አልተፈቀደልህም። ይሄ የቱ ላይ ነው ስሜት የሚሆነው? ትእዛዝ እውነት ወይም ሐሰት እንደማይባል እሱም ያምን ነበር፤ ይህቺን እቀበላለሁ። ግን ሰውየው በ32 ዓመቱ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላይ የታዋቂውን ፈላስፋ የቪትገንሽታይንን የፕሮፌሰርነት ወንበር የተረከበ የሎጂክ ሰው ነው። ሎጂክ የለውም የሚል ሰው መጀመሪያ እሱን ያንብብ።

የእኔ ዋና ነገር ግን በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የመስኮት ምሳሌ ነው። አንድ ሰው መስኮት ይከፍታል። እጁ እጀታውን ያዞራል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የእጁን እንቅስቃሴ በጡንቻና በነርቭ ማስረዳት ይቻላል። «ምን አደረገ?» ለሚለው ግን ጡንቻ መልስ የለውም። ምን አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ክፍሉን ሊያቀዘቅዝ አስቦ ከሆነ፣ ሥራው ክፍሉን ማቀዝቀዝ ነው። እኔ ደግሞ ልጨምርበት፤ ውስጥ ሕፃን እንደተኛ እያወቀ ከከፈተና ልጁን ብርድ ከመታው፣ «እኔ እጀታ ነው ያዞርኩት» ብሎ ማምለጥ የለም።

መምህሩ የሚሉን ግን ይህንኑ ነው። ላብራቶሪ ያለው ሰው እጀታ አዟሪ ነው እያሉን ነው።

እጀታ አዟሪ ምን እንደሚያመጣ ለእኛ ነጋሪ አያስፈልገንም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተናገሩትን አንብቡ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ላይ መርጫ ተገጠመ። 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ተከታትለው ሲያልፉ የሚተፉት ጉም አንድ ወጥ ሆኖ ምድሩን ይሸፍናል። በሴቱ፣ በልጁ፣ በከብቱ፣ በወንዙ፣ በግጦሹ ላይ መርዝ ይዘንባል። ያ መርጫ ከሰማይ አልወረደም። ጠብታው ምን ያህል ቢደቅ ሰፊ መሬት እንደሚያዳርስ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ያሰላ የተማረ ሰው አለ። ሙሶሎኒ ፖለቲከኛ ነው፤ ስሌቱን ግን ሙሶሎኒ አልሠራውም።

ደግሞስ የትኛው ሳይንቲስት ነው አስረክቦ የሚሄደው? በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ ክሎሪን የተባለው መርዛማ ጋዝ ሲለቀቅ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር ግንባር ድረስ ሄዶ ሥራውን ይመራ ነበር።

ሎጂክን ከአንደኛ ዓመት ማንሳት አይደለም፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ድረስ መግፋት ነው ያለብን። ተማሪው ሥራውን ሲያቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ «ይሄን መሣሪያ ማን ይጠቀምበታል? ማን ላይ?» ብሎ ይጠይቀው። መልስ ከሌለው አይለፍ።